እማዬ ለምን ቦርጭ አወጣች?

የወር አበባ እንዴት እንደሚጀምር የማያውቅ ተማሪ ዛሬ ብዙም የለም። የባዮሎጂ መምህራን ያስተምራሉ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ ያወራል፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ደጋግሞ ይናገራል። እንዴት እንደሚያበቃስ? እዚህ ላይ ሁሉም ጭጭ ነው። እናት ራሷ አታወራውም፣ ልጅ አይጠይቅም፣ ጎረቤትም ካነሳው በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት የሚታየው ይህን ይመስላል፦ እናት አርባ ስምንት፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ስትደርስ የዓመት በዓል ቀሚሷ ወገቧ ላይ እምቢ ይላል። እጇና እግሯ እንደነበረ ሆኖ ሆዷ ብቻ ይጨምራል። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ቀን ደግሞ ድንገት ፊቷ ይግላል። ልጅ ይህን ሲያይ “እማዬ፣ ቦርጭ አወጣሽ እኮ!” ብሎ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ነገሩ ግን ከቀሚስ ያለፈ ነው። በዚያ ዕድሜ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ይህን ስብ ለመቀነስ ውድ መድኃኒት አለማስፈለጉ ነው። በእግር መሄድ ብቻ እንኳ ብዙ ይሠራል። እንዴት? እስቲ አብረን እንየው። ወንዶች ልጆችም ይህን ገጽ ዘላችሁ ወደ ስፖርት ዓምድ እንዳትሄዱ፤ እናት የሌለው የለም።

ለመሆኑ ማረጥ ምንድን ነው?

ሴት ልጅ ስትወለድ ዕድሜ ልኳን የሚያገለግሏትን እንቁላሎች በሁለቱ የእንቁላል ማምረቻዎቿ ውስጥ ይዛ ነው የምትወለደው። ከዓመት ወደ ዓመት ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል። እነሱ ሲያልቁ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞንም አብሮ ይቀንሳል። የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ካልመጣ፣ ለዚህም ሌላ ምክንያት ካልተገኘ፣ ሴትየዋ አርጣለች ይባላል። ይህ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚደርሰው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ተነስቶ ዱብ የሚል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ጥቂት የመሸጋገሪያ ዓመታት አሉ። የወር አበባው አንዴ ይቀራል፣ አንዴ ይበረታል፤ እንቅልፍ ይረበሻል፤ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያለች እናት “ተነጫናጭ ሆነች” ትባላለች እንጂ ምን ነካሽ ብሎ የሚጠይቃት ብዙ አይደለም።

“አረጠች” የሚለው ቃል በሰፈራችን እንደ ስድብ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። ማረጥ ግን በሽታ አይደለም፣ ነውርም አይደለም፤ እንደ ጉርምስና አንድ የዕድሜ ምዕራፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ዓመት ሙሉ ቀርቶ የነበረ ደም እንደገና ከታየ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት የግድ ነው። “ተመልሶ መጣልኝ” ተብሎ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ጮማና ሞራ

ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ ሲታረድ ቆማችሁ ያያችሁ ቀሪውን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ የሚታየው ስብ አለ፤ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ የምናገኘው ጮማ ማለት ነው። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ስብ ይታያል፤ እንደ ነጭ ነጠላ ጨጓራና አንጀቱን የሸፈነው። እሱ ሞራ ነው። ሁለቱም ስብ ናቸው፣ የተቀመጡበት ቦታ ግን ይለያያል።

ሰውም እንዲሁ ነው። ከቆዳችን በታች የሚቀመጥ ስብ አለ፤ በጣታችን ቆንጥጠን የምንይዘው እሱ ነው። ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚቀመጠው ደግሞ በእጅ አይቆነጠጥም።

ልጃገረድ ለአካለ መጠን ስትደርስ ኤስትሮጅን ስቡን ወደ ዳሌ፣ ወደ ጭንና ወደ ጡት ይመራዋል። በዚያ ዕድሜ የወንዱ ጡንቻ ሲጨምር የሴቷ ስብ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው በዋዛ አይደለም። ለእርግዝናና ለማጥባት ጊዜ የሚሆን ስንቅ ነው። ዳሌ ላይ ያለው ስብ ለጤና ያን ያህል ጣጣ የለውም።

ኤስትሮጅን ሲቀንስ ግን መሪው ይጠፋል። አዲስ የሚመጣው ስብ ዳሌን ትቶ ወደ ሆድ ይሄዳል፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው ወደ ሞራው። “እግሬ እንደ ድሮው ነው፣ ሆዴ ብቻ ነው” የሚሉ እናቶች የሚናገሩት እውነታቸውን ነው።

ሞራ ለምን ይከፋል? አንደኛ፣ ከሞራ የሚወጣው ቅባት በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት በቅባት ሲጨናነቅ ኢንሱሊን የሚሰጠውን ትእዛዝ መስማት ያቆማል። ኢንሱሊን ማለት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሴሎች እንዲወስዱት የሚያደርገው ሆርሞን ነው። ትእዛዙ ካልተሰማ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ እንዳይመስላችሁ። ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የደም ሥሮችን ያስቆጣሉ፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከማረጥ በኋላ የስብ ሴሎች ራሳቸው ጥቂት ኤስትሮጅን ይሠራሉ። ስቡ ከመጠን ሲያልፍ ይህም ሆርሞን ይበዛል፤ ካረጡ በኋላ ወፍራም የሆኑ ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጥቂት ሞራ ለሁሉም ሰው ያስፈልገዋል፤ ሆድ ዕቃን ይደግፋል፣ ይጠብቃል። ችግሩ ሲበዛ ነው።

ሚዛን የማይናገረው

በከተሞቻችን የመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ሳንቲም ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፣ ቁጥሩን ትሰማላችሁ፣ ትወርዳላችሁ። ያ ሚዛን የሚነግራችሁ አጥንቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ውኃውንም፣ ስቡንም አንድ ላይ ደምሮ ነው። ለይቶ አይናገርም።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ስዋን የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 52 የሆኑ 3302 ሴቶችን መዝግቦ ለብዙ ዓመታት ተከታተላቸው፤ ነጮች፣ ጥቁሮች፣ የላቲን አሜሪካ፣ የቻይናና የጃፓን ዝርያ ያላቸው ነበሩበት። በ2019 ከዚህ ጥናት የወጣ አንድ ጽሑፍ ሚዛን የደበቀውን ነገር አወጣው። ተመራማሪዎቹ ስብንና ጡንቻን ለይቶ በሚያሳይ የራጅ መሣሪያ ሲለኩ፣ ወደ ማረጥ የሚደረገው ሽግግር ሲጀምር ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት በእጥፍ አድጎ አገኙት። ይህም ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ቀጠለ። በዚያው ጊዜ ጡንቻ እየቀነሰ ሄደ። ክብደትስ? ክብደት በፊት ይጨምር በነበረበት ዝግ ያለ ፍጥነት ነው የቀጠለው። ስቡ ሲገባ ጡንቻው ስለወጣ ሚዛኑ የተለየ ነገር አላየም።

ስለዚህ እናታችሁ “ክብደቴ እንደ ድሮው ነው፣ ደህና ነኝ” ብትል ሙሉው መልስ አይደለም። ከሚዛኑ ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር የተሻለ ይናገራል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ፣ ሆድ ወደ ውስጥ ሳይሳብ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴቶች ያስቀመጠው መስመር እንዲህ ነው፦ ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ጥንቃቄ፣ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ አደጋው በጣም ጨምሯል። ይህ ለምልክት ያህል ነው እንጂ ሜትር በሽታ አይመረምርም። ያለፈች እናት ደም ግፊቷንና ስኳሯን ብትለካ መልካም ነው።

እንቅስቃሴ ምን ይፈይዳል?

እውነቱን ከመጀመሪያው እንናገር። እንቅስቃሴ ማረጥን አያስቀርም፣ የቀረውን ኤስትሮጅንም አይመልስም። ክብደትንም ብቻውን ሲሆን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ብዙ ሴቶች ወር ሙሉ ከተራመዱ በኋላ ሚዛን ላይ ወጥተው ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ስሙ። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናት ካረጡ በኋላ የወፈሩ፣ ስፖርት የማይሠሩ፣ ከ50 እስከ 75 ዓመት የሆኑ 173 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በሳምንት 5 ቀን ለ45 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው እንዲራመዱና ተመሳሳይ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የቀሩት ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ዓመት ሲሞላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው የክብደት ልዩነት 1 ነጥብ 4 ኪሎ ብቻ ነበር። አንድ ኪሎ ከግማሽ እንኳ አልሞላም! ነገር ግን ሆዳቸው በመሣሪያ ሲታይ በውስጡ ያለው ስብ፣ ማለትም ሞራው፣ በተራመዱት ላይ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። የሠሩበት ሰዓት ሲጨምር ውጤቱም ጨመረ። በሳምንት ከ195 ደቂቃ በላይ የሠሩት ከሰውነታቸው ጠቅላላ ስብ 4 ነጥብ 2 በመቶ ሲያጡ፣ ከ135 ደቂቃ ያልዘለሉት ያጡት 0 ነጥብ 6 በመቶ ነው።

ስለ ሚዛን ያነሳነው እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመን። በዓመት አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ቀነስኩ ብላ የምታዝን እናት ሆዷ ውስጥ ምን እንደተለወጠ አላየችም።

ከማረጥ በፊት መጀመርስ ይሻላል? በጣም! ፒትስበርግ በተባለች ሌላ የአሜሪካ ከተማ ከ44 እስከ 50 ዓመት የሆኑ፣ ገና ያላረጡ 535 ሴቶች በአንድ ጥናት ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ ቅባትና ጠቅላላ የምግብ መጠን እንዲቀንሱ፣ በእግር መሄድንም እንዲያበዙ ድጋፍ ተደረገላቸው። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ከመካከላቸው የተወሰኑት ወደ ማረጥ ተሸጋግረዋል። ድጋፍ ካገኙት መካከል 55 በመቶዎቹ ሲጀምሩ ከነበራቸው ክብደት አላለፉም፤ ካላገኙት ግን እንዲህ የሆኑት 26 በመቶ ብቻ ናቸው። ድጋፍ ያላገኙት በአማካይ 2 ነጥብ 4 ኪሎ ሲጨምሩ፣ ያገኙት ባሉበት ቆዩ፣ ወገባቸውም ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ጠበበ። ከዚህ የምንረዳው፣ በማረጥ ጊዜ መወፈር ዕጣ ፈንታ አይደለም። የመጣውን ስብ ከማባረር ሳይመጣ መከላከል ይቀላል። ምግብና እንቅስቃሴ አብረው ሲሄዱ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚሠራው ይበልጥ ይሠራሉ።

በመሃል አንዳንድ የሰፈር መድኃኒቶችን እናንሳ። ሆድ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ የሚያወጣው ላብ ነው፤ ላብ ውኃ ነው፣ ሲጠጡ ይመለሳል። ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከሆድ ላይ ለይቶ ስብ አያነሳም፤ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ከየቦታው ነው የሚወስደው። “ቦርጭ ማጥፊያ” ተብሎ የሚሸጠውን ሻይ በሚመለከት ገንዘባችሁን ለደብተር አውሉት።

“ምነው ከሳሽ?”

እስካሁን ያወራነው የሳይንሱን ነው። እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ስለሆነ አሁን ወደ ሰፈር ልውረድ።

በሥራዬ ምክንያት ከብዙ እናቶች ጋር ቡና እጠጣለሁ። አንዲት የሃምሳ ሁለት ዓመት እናት፣ ስኳር ጀምሯቸው በእግር እንዲሄዱ በባለሙያ የተነገራቸው፣ ሁለት ወር ሄደው ለምን እንዳቆሙ ጠየቅኋቸው። “ልጄ፣ ፊቴ ትንሽ ከሳ ሲል ዕድርተኛው ሁሉ ‘ምነው ከሳሽ? ምን ሆንሽ?’ ይለኛል። የሚያስቡትን አውቀዋለሁ” አሉኝ። ምን እንደሚያስቡ እናንተም ታውቃላችሁ። ኤች አይ ቪ በአገራችን “አመንማኝ” ይባል በነበረበት ዘመን ክሳት ማለት በሽታ፣ ውፍረት ማለት ጤና ነበር። ያ ዘመን አልፏል፣ ሐሜቱ ግን እግር አውጥቶ እስከ ዛሬ ይሄዳል። በክሳትም ሆነ በውፍረት ቫይረሱ ያለበትን ሰው መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። እኚህ እናት ግን ሐሜቱን ፈርተው ስኳራቸውን መረጡ።

ሌላም አለ። “ተመችቷት ወፈረች” ሲባል ምስጋና ነው። “በዚህ ዕድሜዋ በቱታ ትሮጣለች” ሲባል ደግሞ ነቀፌታ። ከዚህ ላይ ጊዜ የለም፤ ጠዋት ቁርስ፣ ቀን ሥራ ወይም ገበያ፣ ማታ ወጥ። ልጆች ኳስ ሜዳ ሲሆኑ እናት ምድጃ ሥር ናት። “እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ትውላለች፣ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግላታል?” የሚል ልጅ አጋጥሞኛል። ግማሹ እውነት አለው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፣ ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ የገጠር እናት ቦርጭ አያሳስባቸውም፤ እነሱ የሚያስፈልጋቸው ሸክሙ መቅለሉ ነው። የከተማ እናት ልፋት ግን ብዙ ጊዜ ድካም እንጂ እንቅስቃሴ አይደለም። ሽንኩርት መክተፍና ምድጃ ሥር መቆም እግርን ያሳብጣል፣ ልብን ግን አያሠራም። ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ሆኑ። በዚያው በ2016 በገጠር 4 በመቶ ሲሆን በከተማ 21 በመቶ ነበር። እነዚህ በአብዛኛው ገና ያላረጡት ናቸው። ወደ ማረጥ የሚገቡት ይህን ክብደት ይዘው ነው።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በተለይ ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ወጣት ሆና መድኃኒት የጀመረች እናት ዛሬ ሃምሳ ደርሳለች። አንድ ወቅት “አትቆይም” ትባል የነበረች ሴት አሁን እንደ ማንኛዋም እናት ማረጥ ላይ ናት፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በ2019 በደቡብ አፍሪካና በካሜሩን የወጡ ጥናቶች ደግሞ አሁን በሰፊው የሚወሰደው ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት በአንዳንዶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ በደቡብ አፍሪካው ጥናት በሴቶች ላይ በርትቶ ታይቷል። ይህን ሰምታችሁ መድኃኒት አቁሚ የምትሉ እንዳትኖሩ! መድኃኒቱ ሕይወት ነው፣ አይቋረጥም። ክብደቱን ለሐኪም ነግሮ፣ በእግር እየሄዱ፣ ግፊትና ስኳር እየተለኩ መቆጣጠር ይቻላል።

ለአንቺስ?

አሥራ ስድስት ዓመትሽ ከሆነ ማረጥ እንደ ተረት ይርቅሻል። ሁለት ነገር ግን አሁን እየተሠራ ነው። አንዱ አጥንትሽ ነው። የሰው አጥንት ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያከማቸው በልጅነትና በጉርምስና፣ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ ነው። ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ ያኔ የሚወጣው ዛሬ ከተቀመጠው ነው። አጥንትን የሚያጠነክረው ደግሞ መሬት የሚረገጥበት እንቅስቃሴ ነው፦ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ኳስ። ልጆች ሆነን የተጫወትነው ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ ለካስ አጥንት ግንባታ ነበር! ምነው ታዲያ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ሴቶቹ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሹራብ ለብሰን ዳር እንቆማለን? ሁለተኛው ጡንቻሽ ነው፤ ያልተሠራ ጡንቻ በሃምሳ ዓመት የሚቀንስለት ብዙ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእናንተ ዕድሜ የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። በወር አበባ ጊዜ መንቀሳቀስ አይጎዳም፤ እንዲያውም ብዙዎችን ቁርጠቱን ያስታግስላቸዋል። ዳሌሽ ሰፋ፣ ጭንሽ ወፈረ ብለሽ ግን ምግብ እንዳትቀንሺ። ያ ከላይ ያልነው ስንቅ ነው። ብዙ እየሮጡ ጥቂት የሚበሉ ልጃገረዶች የወር አበባቸው ሊቀር ይችላል፤ ሰውነታቸው ኤስትሮጅን ስለሚያንሰው በወጣትነታቸው አጥንታቸው እንደ አሮጊት ይሳሳል። አትሌት መሆን የምትፈልጊ ከሆነ ይህን በደንብ ያዢ። የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ይጠየቃል።

ከእማዬ ጋር

ለአዋቂዎች የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። በሲያትል ጥሩ ውጤት ያገኙት ሴቶች ከሦስት ሰዓት በላይ እንደሠሩ አስታውሱ። ይህ በቀን ግማሽ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ግን መዝፈን ካቃታቸው ልኩ ነው። ዘፈን ከቻሉ ፈጠን ይበሉ፤ ወሬም ካቃታቸው ቀስ ይበሉ። ለብዙ ዓመት ያልተንቀሳቀሰች እናት በአሥር ደቂቃ ትጀምርና በየሳምንቱ ትጨምር።

ለጡንቻ ጂም መግባት አያስፈልግም። ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ሃይላንድ ሲሞላ ሁለት ኪሎ ነው፤ አንድ አንድ በየእጁ ይዞ ማንሳትና ማውረድ ይቻላል። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ደግሞ ጭንን ያጠነክራል፤ ሞክሩት፣ እናንተንም ያደክማችኋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ደረጃውን በእርግማን ከመውጣት እንደ ስፖርት ይቁጠሩት። ጉልበቷን የሚያማት፣ ግፊቷ ከፍ ያለ ወይም ደረቷን የሚወጋት እናት ግን ከመጀመሯ በፊት ጤና ጣቢያ ትጠይቅ።

የማይሄዱበት ትልቁ ምክንያት ብቻን መሆን ነው። ማታ ውሻ ያስፈራል፣ ጎረምሳ ይለክፋል፣ የሰፈር ዓይን ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ “መንገድ ለሰው” ተብሎ አስፋልት ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት በነጠላቸው የወጡ እናቶችን ያየ ሰው ችግሩ ስንፍና እንዳልሆነ ይገባዋል። ቦታና አብሮ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይወጣሉ። በአንድ የማውቀው ሰፈር ከዕድር ስብሰባ በኋላ አምስት እናቶች ተያይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰው መመለስ ጀመሩ። ቱታ የለ፣ ስኒከር የለ፤ በሸራ ጫማና በነጠላ። አምስት ሆነው ሲሄዱ “ምነው ከሳሽ?” የሚላቸው አልተገኘም፤ ሐሜተኞቹ ራሳቸው ከአምስቱ መካከል ነበሩና።

ወንዶች ልጆች፣ የእናንተ ድርሻ ቀላል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እራት ሠርታችሁ ወይም ሳህን አጥባችሁ ያንን ግማሽ ሰዓት ነፃ አውጡላት፤ በሌላው ቀን አብራችኋት ውጡ። በመንገድ ላይ ስለ ሌሊቱ ላብ፣ ስለ እንቅልፏ ብትጠይቋት አትደንግጡ፣ እሷም መጀመሪያ ላይ ታፍር ይሆናል። “ባዮሎጂ ላይ ተምረን” ብሎ መጀመር ይቻላል።